ሞተሩ እስኪበርድ

ደምሴዬ፣

ጤናህን አልጠይቅም። ሕመም በሌለበት ቦታ እንዳለህ የነፍስ አባታችን ነግረውኛል፤ ለእሳቸው ማን እንደነገራቸው ግን አልነገሩኝም። እኔ ከተለየኸኝ ወዲህ ብዙም አልተለወጥኩም። ጉልበቴን ያመኛል፣ ሰው አላምንም። ሦስተኛ ዓመትህ አለፈ። ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ይለኝ ነበር። ጊዜ ያስረሳው የሰዎቹን መምጣት ነው፤ ያኔ ድንኳኑን ሞልተውት የነበሩት አሁን በበራችን ሲያልፉ ሰላምታቸውን በጥሩንባ ነው የሚሰጡኝ።

ይህንን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ስትሄድ መጻፍ የምችለው ስሜን ብቻ ነበር፤ እሱንም አንተ ግራሶ በነካው ጣትህ ካርቶን ላይ ጽፈህ ነው ያለማመድከኝ። ከቀብርህ በኋላ ወረቀት የያዘ ሁሉ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» እያለ ሲመጣብኝ፣ ምን እንደምፈርም ሳላውቅ መፈረም መረረኝ። ወረዳው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ጎልማሶችን ያስተምራሉ ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ። አስተማሪዋ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። «እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለመማር ምን አነሳሳዎት?» አለችኝ። «እንዳልሸወድ ነው» አልኳት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

ሰፈሩን ብታየው አታውቀውም። ከለቡ በኩል የሚመጣው መንገድ ሰፍቷል፤ የእኛም ቁልቁለት ጠጠሩ ተነስቶ ኮብልስቶን ለብሷል። ጥጉ ላይ ያለችው ሱቅ አለች፤ ባለቤቷ ግን ዱቤ ትቷል። መኪናውም ተለውጧል። በቤንዚን የሚሄድ አዲስ መኪና ካሁን በኋላ አይገባም ተብሎ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ከተማውን ሞልተውታል። ባለፈው ጀሞ ላይ አንዷ ከኋላዬ መጥታ ልትደፈጥጠኝ ምንም አልቀራትም። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ አይሰሙም እንዴ?» ይለኛል። «የሚሰማ ነገር ይዘህ ናና ልስማህ!» አልኩት። ያቺን ብትሰማ ትስቅ ነበር።

የጻፍኩልህ ግን ስለ ዳማ ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማ ይሻላል።

እርግጥ ዳማን ከእኔ ይበልጥ አንተ ታውቃታለህ። ቢሆንም መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ መጻፍ ያምረኛል፤ ታገሰኝ። ያቺ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቡናማ መኪና እኔ ሳላገባህ በፊት ያንተ ነበረች። በአባትህ ፈረስ ቀለም ዳማ ብለህ ሰየምካት። ኮፈኗ እንደ አልጋ የረዘመ ነበር፤ ሞተሯ ሲነሳ የጓዳዬ መደርደሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነዳጅ ስትጠጣ ደግሞ እንደ ግመል ነበረች። ለዚህ ነው በነዳጅ ሰልፍ ዘመን ያንን ልማድ ያመጣኸው። ሱቁ ጥግ ላይ ስትደርስ ሞተሩን ታጠፋለህ፣ ካምቢዮውን ከማርሽ አውጥተህ ፎሌ ላይ ታደርጋለህ፣ ዳማ ቁልቁለቱን በራሷ ክብደት እየተንከባለለች ትመጣለች። እኔ ጠጠሩ በጎማዋ ሥር ሲንኮሻኮሽ እሰማና በሩን እከፍታለሁ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመህ ጥሩንባ ነፍተህ አታውቅም። ሰልፉ ካለፈ በኋላም ልማዱን አልተውከውም። እኔም እንድትተወው አልፈለግኩም፤ ባል ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ያ መሆን ነበረበት።

እሑድ ከሰዓት ደግሞ አንተና ዮናስ ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድራችሁ የመኪና ውድድር ታዩ ነበር። እኔ አላይም፤ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ እንጂ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አሥር ሲሊንደር አላቸው ትል ነበር። ድምፃቸው አቡጀዲ ሲቀደድ እንደሚሰማው ነው። ቀጥሎ ስምንት ሆኑ፤ ያኔም ቢሆን ጩኸታቸው ግድግዳውን አልፎ ይመጣ ነበር። ከዚያ በአንዱ ዓመት የመጀመሪያው ውድድር ተጀመረ ተባለ፤ እኔ ግን ምንም አልሰማም። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎኝ ቢላዬን እንደያዝኩ መጣሁ። መኪኖቹ እየሮጡ ነው፤ ድምፃቸው ግን የልብስ ስፌት መኪና ሆኗል። አንተ ሪሞቱን ይዘህ ድምፅ ትጨምራለህ፣ አሁንም ትጨምራለህ። ዮናስ «አባዬ፣ ቴሌቪዥኑ ምንም አልሆነም። ሞተሩን ወደ ስድስት አሳንሰው ቱርቦ ገጥመውበት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጉልበቱ ያው ነው» አለህ።

ዞር ብለህ አየኸው። «ጉልበቱ ያው ከሆነ ድምፁን ማን ወሰደው?» አልክ።

ከዚያ ወዲህ ውድድሩን ድምፁን አጥፍተህ ነበር የምታየው። ማታ እራት ላይ ደግሞ ለእኔ እንዲህ አልከኝ፦ «ብርቄ፣ ብረቱን አሳነሱት፣ ዋጋውን አላሳነሱትም። ሰው ያሳነሰውን ነገር ይዞልሽ ሲመጣ፣ የጎደለው የት እንደገባ ጠይቂው።» ሰዎች ተጠራጣሪ ሆነሻል ይሉኛል። ከማን እንደተማርኩ አልነግራቸውም።

አንተ በሄድክ በሁለተኛው ዓመት ዮናስ መኪና ገዛ። በስልክ ለሚጠሩት ሰዎች ታክሲ ሊሠራባት ነው። ነጭ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የነዳት ናት። ኮፈኗን ከፍቶ አሳየኝ። የዳማ ኮፈን ውስጥ ድመት መግቢያ አታገኝም፤ የዚህችኛዋ ግን ግማሹ ባዶ ነው። «ሞተሩ የታለ?» አልኩት። አሳየኝ። ሦስት ሲሊንደር፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሊትር። «የውኃ ጠርሙስ ነው እንዴ?» አልኩት። ዮናስ እየሳቀ «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ! ቱርቦ አላት እኮ» አለኝ።

ደምሴ፣ ያን ቃል ሲጠራብኝ ምን እንዳስታወሰኝ እሱ አያውቅም። በመጨረሻው ክረምትህ ያ የኦክስጅን መሣሪያ መኝታ ቤታችን ሲገባ፣ ቱቦውን አፍንጫህ ላይ ሲያደርጉልህ፣ ልጁ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ «ብርቄ፣ እኔንም አሳነሱኝና ቱርቦ ገጠሙልኝ» አልከኝ። ሳቅህ ሳል ሆነ። እኔም አብሬህ ሳቅኩና በረንዳው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ቀለል ብሎህ ነበር፤ ከሰው ጋር ትጫወት፣ ትቀልድ ጀመር። እሱ እየነፋልህ አንተ እየሳሳህ ክረምቱ አለቀ። ትንፋሽህ የቆመ ጊዜ፣ ከጎረቤት ማን እንደሆነ እንጃ፣ እጁን ዘርግቶ መሣሪያውን ድርግም አደረገው። ያ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው። ምን አስቸኮለው? ትንሽ ቢያቆየው ማን ይቆጣው ነበር?

እና በራሱ ሳንባ ሳይሆን በሚነፋለት የሚኖር ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ እኔ አይቻለሁ። ሰውም ይሁን ሞተር። ለልጁ ግን ይህን አላልኩትም። «አላምናትም» ብቻ አልኩት።

ዳማ ሸራ ለብሳ አቮካዶው ሥር ቆመች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ደላላ ሸራዋን ገልቦ ያያታል። ዮናስ አጠገቡ ቆሟል። ደላላው እኔን ሳያይ «ሰው የሚፈልገው ሞተሯን ነው፤ ሌላው ቁራጭ ብረት ነው» ይላል። ሸራውን ከእጁ ነጥቄ አለበስኳት። ዮናስ ተከትሎኝ ገባና «እማዬ፣ የቆመ መኪና እኮ ይሞታል። ጎማዋ እየተሰነጠቀ ነው። አባዬ እንደዚህ ሆና ቢያያት ደስ አይለውም» አለኝ። ያንተን ስም ሲጠራብኝ ይበልጥ ተጠራጠርኩ። «ያለ እኔ ፊርማ የትም አትሄድም» አልኩት። «ካልፈረምሽ የትም አትሄድም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊብሬዋን ፍራሼ ሥር አድርጌ እተኛባት ጀመር።

በዚያው ሰሞን ነው ያንን ነገር ያስተዋልኩት። አመሻሽ ላይ ዮናስ ይመጣል፤ ትንሿን በራችን ፊት ያቆማታል፤ ግን አይወርድም። ሞተሩ ይሠራል። እሱ ውስጥ ተቀምጧል። በማግስቱም እንደዚያው። በቆርቆሮው በር ቀዳዳ አጮልቄ አየሁት። ስልክ አያወራም። ሬዲዮ አልከፈተም። መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፣ በቃ። ሴት ይዞ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ከዚህ ዕድሜው ወዲያ ምን ይጠብቃል? ከደላላው ጋር እየተማከረ ነው እንዳልል አያወራም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ቤቱ አስጠልቶታል አልኩ። እናቱን ለማየት ልቡን የሚያበረታበት ሰዓት ነው አልኩ። ይህን ካሰብኩ በኋላ ምግቡን ሳቀርብለት እጄ ይከብደኝ ጀመር።

አንድ ቀን በሩን ወለል አድርጌ ወጣሁበት።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ቱርቦውን እያሳረፍኩ ነው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቱርቦው ይግላል እማዬ። ወዲያው ካጠፋሁት ይጎዳል። ትንሽ እንዲበርድ ነው።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ቆሜ ስውል ማን አሳረፈኝ? ደግሞ ሞተር ደከመው ብለህ ትነግረኛለህ?»

«ይደክመዋል።»

«አባትህ ሱቁ ጋ አጥፍቶ በፎሌ ነበር የሚገባው። ዳማ አንድ ቀን ደከመኝ ብላ አታውቅም። መዋሸት ካማረህ አባትህ በማያውቀው ነገር ዋሸኝ!»

አየኝ፤ ያንተ ዓይን ነው ያለው፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። በማግስቱ አመሻሽ ጓዳ ሆኜ ጎማ በኮብልስቶኑ ላይ ሲንከባለል ሰማሁ፤ ሞተር የለውም። ሳላስበው እግሬ ወደ በሩ ሮጠ። በሩን ከፍቼ ስም ልጠራ አፌን ስከፍት የመጣልኝ ያንተ ስም ነበር። መኪናዋ በፊቴ አልፋ ስትገባ የመጣው ልጁ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ እንደዚያው ገባ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ጥርጣሬው ግን አልለቀቀኝም፤ በሁሉ ነገር የሚከራከረኝ ልጅ በዚህ እንዴት ቶሎ እሺ አለኝ?

ለሦስተኛ ዓመትህ በትንሿ መኪና ደብረ ሲና እህትህ ዘንድ ሄድን። አልሄድም ብዬ ነበር፤ በአውቶቡስ ግን ጉልበቴ አልቻለም። ቁልቁል ሲሆን ማንም መኪና ይወርዳል። ስንመለስ ጣርማ በርን የምንወጣበት ሰዓት ደረሰ። ዳማ እዚያ ስትደርስ ትንፋሽ ያጥራት ነበር፤ አንተ ዳሽቦርዷን እየዳበስክ «አይዞሽ ልጄ፣ አየሩ ሳስቶ ነው» ትላታለህ፣ ከባድ መኪኖች ሁሉ ከኋላችን ይሰለፋሉ። ይህቺ ግን ወጣችው። የተጫኑትን እያለፈች፣ አንዴም ሳታንገራግር ወጣችው። ዮናስ ደረቱን ነፍቶ «አየሽ? ቱርቦው አየሩን ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባላት ከፍታ አይበግራትም» አለኝ። እኔ ጆሮዬን አቅንቼ ነበር። ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ይሰማል። የመኝታ ቤታችን መሣሪያ እንደዚያ ነበር የሚያፏጨው። አንተንም መጀመሪያ ቀለል ብሎህ ነበር አልኩ በልቤ፣ ዓይኔንም ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ያን ቀንም ሰፈራችን ስንደርስ፣ ያን ሁሉ አቀበት ወጥታ፣ ከተማውን አቋርጣ እንደጋለች፣ ሱቁ ጥግ ላይ ድርግም አድርጎ በፎሌ ገባ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ነበር። እንደ ድሮው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ፉጨቷ ጩኸት ሆነ። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ መጣ። በመጨረሻ ላፍቶ አቀበት ላይ ጉልበቷ ሞተና ተሳፋሪውን በእግሩ አስወርዳ በሌላ መኪና ተጎትታ ግርማ ጋራዥ ገባች። አልነገርኩህም ወይ? አልኩ። ለማን እንዳልኩ እንጃ።

ግርማ አብሮ አደግህ ያው ጋራዡ ውስጥ አለ። ሆዱ ከመኪና ሥር መግባት ከልክሎታል፤ አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሠራተኞቹን ይሳደባል። እኔም ከዮናስ ጋር ሄድኩ፤ ሜካኒክ ያታልለዋል ብዬ ነው፤ ግርማም ቢሆን ሜካኒክ ነው። ቱርቦውን አስፈትቶ በመዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ነው፣ ያችን ያህል።

«እትዬ ብርቄ፣ እይውማ። መጠኑ የዶሮ፣ ዋጋው የበሬ» አለኝ። በጣቱ ነካ ሲያደርገው በውስጡ ያለችው መዘውር ወዲያ ወዲህ ተንገጫገጨች። «ይቺ በሚወጣው ጭስ ጉልበት ትሽከረከራለች፤ ስትሽከረከር ለሞተሩ አየር ትገፋለታለች። እሳት ነው የምትሆነው። የሚያቀዘቅዛት ዘይቱ ነው። እንደጋለች ድርግም ሲያደርጓት ዘይቱ መዞር ያቆማል፤ እዚያው ላይ ይጠበሳል። ያረረ መጥበሻ አታውቂም? እንደዚያ ነው።» ከዚያ ወደ ዮናስ ዞረ። «አንተ፣ ዳማ እኮ የጭነት በቅሎ ናት፤ የትም አቁመህ ብታራግፋት ምንም አትሆንም። ይህቺ ሯጭ ናት። ሯጭ ውድድሩን እንደጨረሰ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል? ቀስ እያለ ይራመዳል እንጂ! እንዲህ አድርገህ አጥፋት ብሎ ያስተማረህ ማን ነው?»

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ዮናስ ወደ እኔ ቢዞር፣ በዓይኑ ብቻ እንኳ ቢያየኝ፣ ግርማ ይገባው ነበር፤ እስከ ዛሬም በየሰዉ ፊት ያሾፍብኝ ነበር። ልጁ ግን የቆመበትን መሬት እያየ «እኔ ነኝ ጋሽ ግርማ። ቤት ለመግባት እየቸኮልኩ ነው» አለ።

ቤት ለመግባት እየቸኮልኩ። ቤቱ አስጠልቶታል ብዬ ያማሁት ልጅ።

ግርማ ቱርቦውን ወደ ጎን አስቀመጠና «ብቻህን አይደለህም ተወው። እኔም ሁለት ቱርቦ ከገደልኩ በኋላ ነው የወንድሜ ልጅ አያያዙን በስልክ ያሳየኝ» አለና ሠራተኞቹን ወደ መሳደቡ ተመለሰ።

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። አንተ ታውቀኛለህ። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ታክሲው ሲነቃነቅ ትከሻው ትከሻዬን ሲነካኝ አልሸሸሁም። ያን ያህል ነው የቻልኩት።

ትንሿ ግርማ ጋ ቆመች፤ ዮናስ ሥራ ፈታ። ጠዋት እንደ ድሮው ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ስልኩ ሲጮህ «ይቅርታ፣ መኪናዋ ጋራዥ ናት» ይላል። እኔ ደግሞ የዳማን ነገር እስኪያነሳብኝ ጠበቅኩት። ቢያነሳ ምን እንደምለው ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አላነሳም። ደላላውንም አልጠራም። ይህ ዝምታው ራሱ ተንኮል ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ሰውን በመናገር ብቻ አይደለም፣ በዝምታም ይሠሩታል። ግን አይቼው አይቼው ምንም ያልታየኝ ጊዜ፣ ልጁ በረንዳው ላይ ጫማውን አስሮ ተቀምጦ የትም እንደማይሄድ ብቻ ታየኝ። ዳማ ደግሞ አቮካዶው ሥር ናት። አንዷ በእኔ ፍቅር፣ አንዷ በእኔ ጥርጣሬ ቆማለች።

አንድ ጠዋት ሊብሬዋን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ አነበብኳት። ስምህ አለ። ቀለም፣ ቡናማ። የሲሊንደር ብዛት፣ ስድስት። በጣቴ እየተከተልኩ ነበር ያነበብኩት፤ አስተማሪዋ በጣት መከተል አያስፈልግም ትለኛለች፤ ያንተን ስም ግን በጣቴ ተከተልኩት። ከዚያ ግርማ ጋ ደውዬ «ገዢ ፈልግ። ሞተሯን የሚያወጣ ከሆነ ግን ይዘኸው እንዳትመጣ» አልኩት።

ከቡታጅራ ወዲያ ያለ ሰው ይዞ መጣ። ገበያ ለገበያ እህል የሚያመላልስ ነው፤ ጢሙ ሽበት ጀምሮታል። «ሞተሯን ልታወጣ ነው?» አልኩት። «እናቴ፣ የኔ መንገድ ጭቃና አቀበት ነው። ሙሉ ካልሆነች ምን ታደርግልኛለች?» አለኝ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ዮናስ አዲስ ባትሪ አስገባላት፤ ደጋግማ አስነጠሰችና ተነሳች፤ መደርደሪያዬ ተንቀጠቀጠ። ሰውየውን «ሱቁ ድረስ ውሰዳት፤ እዚያ አጥፍተህ በፎሌ አምጣልኝ» አልኩት። ግርማ «እትዬ ብርቄ፣ ሰውየው መኪና ሊገዛ እንጂ መንጃ ፈቃድ ሊፈተን አልመጣም!» አለ። «የኔን መኪና የሚወስድ ይፈተናል» አልኩት።

በሩን ዘግቼ ከኋላው ቆምኩ። መጀመሪያ ሲመጣ ገና ከሩቁ ፍሬን ያዘባት፤ ጎማዋ ሲጮህ ተሰማኝ። «እናቴ፣ መሪው ድንጋይ ሆነብኝ!» ይላል። «ድገመው!» አልኩት። ደገመው። በሁለተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋት፤ ከላይ ጀምራ፣ ሳትቸኩል፣ የጎረቤቱን ግንብ አልፋ፣ በራችን ጋ ስትደርስ እስትንፋሷን እንደምትለቅ ሆና ቆመች። በሩን ከፈትኩ። ሰውየው ላቡን እየጠረገ «እንዲህ ያለ መኪና አይቼ አላውቅም» አለ። ፈረምኩለት። አውራ ጣቴን አላስነካሁም፤ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ።

ስትሄድ ሽቅብ ነው የሄደችው፣ በሙሉ ድምፅዋ። ሱቁ ጋ ስትታጠፍ ሰማኋት፤ ከዚያም ወዲያ ትንሽ ሰማኋት፤ ከዚያ ሚኒባሶቹ ዋጧት። ዮናስ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ «አሁንስ ድምፁን ማን ወሰደው?» አለኝ። ያን እሑድ እሱም አልረሳውም።

«የቡታጅራው ሰውዬ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እሱ ፊቱን አዞረ።

ለትንሿ አዲሱ ቱርቦ የተገዛው በዳማ ነው። ባለ ስድስቷ ለባለ ሦስቷ ሳንባ ገዛችላት በለው። ተቆጥተህ ከሆነ ተቆጣ፤ በሕይወት ያለው ልጅ ከቆመችው መኪና ይበልጥብኛል። አንተም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር፤ አታደርግም የሚለኝ ካለ መጥቶ ይንገረኝ።

መኪናዋ ከጋራዥ በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ዮናስ ሱቁ ጥግ ላይ አጥፍቶ ሊመጣ ነው ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ሞተሩ አልጠፋም፤ እስከ በሩ መጣና ቆመ። ወጣሁ። የተቆጣሁ መስሎት መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «እማዬ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አለ። ዞሬ የጎኑን በር ከፈትኩና ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«እያረፍኩ ነው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ልማዳችን ይህ ሆኗል። እሱ ይመጣል፣ እኔ ወጥቼ እገባለሁ፣ ሁለታችንም ፊት ለፊት እያየን እንቀመጣለን። ብቻህን ስትቀመጥ ምን ታስብ ነበር ብዬ ጠይቄው ነበር። «አባዬ ይህን ሞተር ቢሰማው ምን ይል ነበር እያልኩ ነው» አለኝ። ምን ትል እንደነበር ነገርኩት። ስድቡን ሳልቀንስ ነው የነገርኩት።

አሁንም አላምናትም። ፉጨቷን እንደ ዘበኛ ነው የማዳምጠው፤ አንዲት ቅንጣት ከተለወጠች ከሜካኒኩ በፊት የምሰማው እኔ ነኝ። ይህች ትንሽ ሞተር እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንዳመጣች፣ ምን አጉድላ እንደሞላችው፣ የጎደለው የት እንደገባ ገና እጠይቃለሁ፤ አንተ ጠይቂ ብለኸኛልና። ግን ደምሴዬ፣ አመሻሽ ላይ እዚያ ስንቀመጥ ማንም እጁን ዘርግቶ ድርግም አያደርጋትም። ለአንተ ያላቆዩልህን ያህል ለእሷ እናቆያለን። ያቺ ጊዜ ያንተ ናት፤ እኔ እስካለሁ ድረስ በየቀኑ በስምህ እቀመጥባታለሁ፣ እኔ ሳልኖር ደግሞ ልጅህ ምን እንደሚያደርግባት አሁን ያውቃል።

ፉጨቷ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። ስትረጋጋ ዮናስ ያየኛል። እሺ እለዋለሁ። ያን ጊዜ ቁልፉን ያዞራል።

ባለቤትህ ብርቄ